በአሥራ ሰባተኛው መስመር የተጻፈችው ውሻ

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ፣ በራሴ እጅ በሥርዓት የጻፍሁት ነገር ሊዋሽ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ዓመት መምህርት ነበርሁ። ጎንደር ቁስቋም ተወልጄ አድጌ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዳስተምር ተመደብሁ። ሦስት ቀለም እስክሪብቶ፣ አንድ ማስመሪያና ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ አንድ ደብተር ነበረኝ፤ የቀሪ ተማሪ ደብተር፣ የችግኝ ደብተር፣ የዝናብ ደብተር። ማስረዳት ደግሞ ነፍሴ ነው። ሰው «ዛሬስ በረደ» ቢለኝ ብርዱ ከየት እንደመጣ ሳልነግረው አልለቀውም። ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ «ደግሞ ጀመረች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በጥር ወር ሰጠኝ የሚባል የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ የውሻ ክትባት ሊሰጥ ሲነሣ እንዳግዘው ጠየቀኝ። ሥራዬ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ስለ ክትባቱ ማስረዳት። ሁለተኛው፣ በክትባቱ ቀን መመዝገብ። በመጀመሪያው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ፣ በምራቅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ክትባት ማለት ደግሞ የሞተውን በሽታ በመርፌ ወደ ሰውነት አስገብቶ ሰውነትን ማስለመድ እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘርሁ። በመጨረሻም «ገብቷችኋል?» አልሁ። «ገብቶናል» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በክትባቱ ቀን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጥሁ። ውሻው፣ ገመዱ፣ ጩኸቱ፣ አቧራው ሌላ ነው፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ «ስም? ጾታ? ቀለም? ባለቤት?» እያልሁ በማስመሪያ በተሰመረ ሠንጠረዥ ውስጥ እጽፋለሁ። አንዱ ገበሬ «ይችማ የውሻ ክርስትና ነው የያዘችው» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ቀና ግን አላልሁም።

እዚህ ላይ ለከተማ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በእኛ ደጋ ውሻ ስሙ መልእክት ነው። ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም ይናገራል። በዚያ ቀን «ይሁና»፣ «ማን ይገምታል»፣ «ዝም አይነቅዝም» የተባሉ ውሾች መዝግቤአለሁ። በአሥራ ሰባተኛው መስመር ደግሞ እንዲህ ተጻፈ፦ እንተያያለን፣ ሴት፣ ቀይ ዳማ፣ ባለቤት ደርሶ።

አያ ደርሶን በደንብ ያወቅኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ገበሬ ናቸው። ለተማሪዎቼ «የአካባቢያችን እንስሳት» በሚል ርእስ ሥራ ሰጥቻቸው ሁሉም «ስለ ውሻ አያ ደርሶን ጠይቂ» ስላሉኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው መሄድ ጀመርሁ። እንተያያለንን ከቅርብ ያየኋትም ያኔ ነው። ደረቷ ሰፊ፣ አንገቷ ወፍራም፣ ጠጉሯ የደጋውን ውርጭ የሚችል፣ ዐይኗ ሰውን አይቶ የሚያልፍ እንጂ የሚለማመጥ አይደለም። በከንቱ አትጮህም። እንግዳ ሲመጣ ተነሥታ መሀል መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ባለቤቱ «ግባ» ሲል ዘወር ትላለች። ከባዕድ እጅ ቁራሽ አትቀበልም። እኔ በአምስተኛው ቅዳሜ ነው ጆሮዋን ያስነካችኝ።

«ውሻ በእናቷ ነው የምትቆጠረው» አሉኝ አያ ደርሶ፤ ሰባት እናቶቿንም በየስማቸው ጠሩልኝ። ሁሉንም የጠበቋቸው የእሳቸው አባቶች ናቸው። ዘሯ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ እዚህ አምባ ላይ በግ ጠብቋል ብለውኛል። ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ የለኝም። በዓለም ላይ ግን ስም ወጥቶላቸው፣ ሥዕላቸው ታትሞ የሚኮራባቸው ጥንታዊ የውሻ ዘሮች እንዳሉ አንብቤአለሁ፤ የእኛው የደጋ ውሻ ደግሞ መዝገቡ የገበሬው ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን አስቤ፣ በቁጭትም በኩራትም ሌላ ደብተር ገዛሁ።

በዚያ ደብተር የጻፍሁት አሁንም አለኝ። ቡችሎች ዐይናቸውን በገለጡ በሰሞኑ አያ ደርሶ ከጎሬያቸው አውጥተው ሣር ላይ ይበትኗቸዋል። እናቲቱ መጀመሪያ በአፏ አንሥታ የምትመልሳት፣ እሷ ናት ዘር ሆና የምትቀረው። «መራጯ እሷ፤ እኔ እንዳንቺ ጸሐፊ ነኝ» አሉኝ። ጡት ስትተው የገብስ ቂጣ በአጓት ተነክሮ ይሰጣታል፤ መኝታዋ ደረቅ ጭድ ነው፣ ለቁንጫ ዐመድ ይነሰነስበታል። ራሷ ላይ አትመታም። ከመብላቷ በፊት በስሟ ትጠራለች። ትርፍ ቡችላ አይሸጥም፤ ወሳጁ ግን እንደ አማች ይመረመራል። በሬውን የሚደበድብ እንደሆነ ከተሰማ ባዶ እጁን ይሸኛል።

በየካቲት እንተያያለን አራት ወለደች። እኔም «እንኳን ከመውለዷ በፊት ተከተበች» አልሁ። አያ ደርሶ ጭዱን ያስተካክሉ ጀመር። ዝምታው ልማዳቸው ነው ብዬ አለፍሁ።

ያ ሐሙስ የመጣው በሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ተማሪዎቹ ከግቢ ወጥተው ሜዳው ላይ ይጫወታሉ። የትምህርት ቤታችን አጥር ያኔ ግማሹ ፈርሶ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ በመኪና መንገዱ በኩል አንድ የማላውቀው ጥቁር ውሻ ሲመጣ አየሁ። አካሄዱ ልክ አልነበረም። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ አፉ ተከፍቶ ልጋጉ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያይ ይመጣል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ምልክት በሙሉ አውቀዋለሁ፤ ሳስተምረው ነበርና።

ልጆቹ ሲያዩት ሮጡ። የሦስተኛ ክፍሏ እመቤት ወድቃ ቀረች። በእሷና በውሻው መካከል የቀረው ከክፍላችን ርዝመት አይበልጥም። እኔ ያለሁት ደግሞ ከዚያ እጥፍ ርቀት ላይ ነው። ሮጥሁ፤ እንደማልደርስ እያወቅሁ ሮጥሁ።

ከገለባው እርሻ በኩል አንድ ቀይ ነገር መጣ። የአያ ደርሶ በጎች እዚያ ነበሩ። እንተያያለን አልጮኸችም። ጥቁሩን ውሻ በትከሻዋ መትታ ገለበጠችው፤ ሲነሣ እንደገና ጣለችው። ከልጅቱ ላይ እየገፋች፣ እየገፋች ወደ ጉድባው ወሰደችው። እመቤትን አንሥቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኋት። ሰዎች ዱላና ድንጋይ ይዘው ደረሱ፤ ያበደውንም ውሻ ጉድባው ውስጥ ገደሉት።

አንድም ልጅ አልተነከሰም። የእያንዳንዳቸውን እጅና እግር እያገላበጥሁ አይቻለሁ። እንተያያለን ግን አፍንጫዋ ላይ ደም ነበር።

የደጋው ሕግ አጭር ነው፤ ያበደ ውሻ የነከሰው ውሻ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገደላል። ጭካኔ አይምሰላችሁ። በዚህ በሽታ ልጃቸውን የቀበሩ ሰዎች ናቸው ሕጉን ያወጡት። አያ ደርሶ ውሻቸውን ከሰው ራቅ አድርገው ሜዳው ዳር ካለው የጽድ ዛፍ ላይ አሰሯት። እኔ ለሰጠኝ ደወልሁ። ቁስሏን ከሩቅ ውኃ በሳሙና አፍስሱበት፣ ማንም አፏን አይንካ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ክትባት ይዤ እመጣለሁ፣ እስክመጣ አትግደሏት አለኝ። በሞተር ሳይክሉ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሽማግሌዎቹና የልጆቹ ወላጆች ሜዳው ላይ ተሰብስበው ጠበቁ።

ሰጠኝ የበረዶ ሳጥኑን ሳያወርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «በጥር ተከትባለች?»

ጉዳዩን በአጭሩ አስረዳ። ቀድማ ከተከተበች ዛሬ ድጋሚ ተወግታ በገመድ ሆና ለአንድ ወር ከግማሽ ትጠበቃለች። ካልተከተበች ግን ወይ ትገደላለች፣ ወይም ሰውም እንስሳም በማይነካት ቦታ ለስድስት ወር ትዘጋለች፤ ይህን ደግሞ በገጠር በትክክል የሚፈጽመው ጥቂት ነው።

እኔ አላስጨረስሁትም። ወደ ቢሮ ሮጬ ደብተሩን አመጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በደብተር ኮርቼ አላውቅም። አሥራ ሰባተኛውን መስመር በጣቴ እያሳየሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ «የመምህርት እጅ ይባረክ» አሉ። ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ መነሣት ጀመረ። ሰጠኝ መርፌውን ሊያዘጋጅ ጎንበስ አለ።

አያ ደርሶ ብቻ አልተነሡም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጽዱ ሥር ያለችውን ውሻ ያያሉ። እሷም ታያቸዋለች። ከዚያ ቀስ ብለው ቆሙ።

«ቆዩ» አሉ። «ያ መስመር ሐሰት ነው።»

ሰዉ መልሶ ተቀመጠ።

«በጥር ያመጣኋት እሷን አይደለም። እኅቴ ቤት ያለችውን ልጇን ነው። መልካቸው አንድ ነው። ስም ስጠየቅ፣ እሷንም አምጣ እንዳልባል፣ የእናቲቱን ስም ሰጠሁ። ይህን እኔና እኅቴ እንጂ ሌላ ሰው አያውቅም።»

ይህን ለምን ተናገሩ? ዝም ቢሉ ውሻቸው በሕይወት ትቀር ነበር። እኔ በደብተሬ መስክሬላቸው፣ ሕዝቡ እልል ብሎላቸው ነበር። ግን አንድ ወር ከግማሽ በገመድ የምትቆይ ያልተከተበች ውሻ የሰው ልጅ ልትነክስ ትችላለች። እሳቸው ይህን ከሰጠኝ ማስረዳት በደንብ ተረድተው ነበር።

«ምነው አያ ደርሶ?» አልሁ። «ምነው ደበቋት?»

ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ማዘን ነበር፣ ያውም ለእኔ። «አንቺው ነገርሽን፣ ልጄ። የሞተ በሽታ በመርፌ እናስገባለን አልሽ። በሽታ መሞቱን ማን አየ? ያኔ ርጉዝ ነበረች። ሰባት እናት ንጹሕ ሆኖ የመጣ ዘር ነው። በገዛ እጄ በሽታ አስገባበት?»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልጠየቁኝም?»

«ገብቷችኋል ወይ አልሽ እንጂ ምን ፈራችሁ አላልሽም።»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አንድ ሰዓት የተናገርሁት፣ የኮራሁበት ንግግር፣ ውሻዪቱን ከክትባት ያራቃት እሱ ነው። የኮራሁበት ደብተር ደግሞ አንገቴን ደፍቼ የጻፍሁት ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብል ኖሮ ወጣት ውሻ መሆኗን፣ አለመርገዟን አይ ነበር። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሕዝቡ እያየ አሥራ ሰባተኛውን መስመር ሰረዝሁት። ከዚያም ጥፋቱ የእኔም ጭምር መሆኑን ተናገርሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ለስድስት ወር ትዘጋ የሚለውን ሐሳብ አልወደዱትም። ማን ይጠብቃታል? ልጆች ቢጠጉስ? በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ እንዲህ አሉ፦ ደርሶ እውነት ስለተናገረ እንሰማዋለን፤ ግን ዋስ ይጥራ። ውሻዪቱ ብታመልጥ፣ ሰው ብትነካ በደሙ የሚጠየቅ ዋስ።

እኔ እጄን አወጣሁ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «አንቺ ነገ ዝውውር ቢመጣልሽ ትሄጃለሽ። ዋስ እዚህ መሬት ያለው ሰው ነው።»

ለሰው ዋስ መሆን የተለመደ ነው፤ ለውሻ ዋስ የሆነ ሰው ግን በዚያ አምባ ታይቶ አይታወቅም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች።

በዚህ መሀል አያ ካሴ ተነሡ። አያ ካሴ የአያ ደርሶ የድንበር ጎረቤት ናቸው። በአንድ የእርሻ ወሰን ተጣልተው ለዓመታት ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ውሻዪቱም ያንን ስም ያገኘችው ለእሳቸው መልእክት እንድትሆን ነው። ወድቃ የነበረችው እመቤት ደግሞ የእሳቸው ልጅ ናት።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

«አንተ?» አሉ አያ ደርሶ።

«እኔ። ጠዋት ማታ እኔን ለመስደብ ስትጠራት እየሰማሁ ስንት ዘመን። እንግዲህ ተያየን፤ እሷ ከአንተ ትሻላለች።»

ሰዉ በሣቅ ፈረሰ። አያ ደርሶም ሣቁ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ሰጠኝ በሁለት በር የሚዘጋ ጉረኖ በድንጋይ እንዴት እንደሚካብ መሬት ላይ ሣለ። ወላጆቹ ድንጋይ መሸከም ጀመሩ። አያ ካሴ ከቤታቸው ሳንቃ አመጡ። ክትባቱ ግን መጀመሪያ መሰጠት ነበረበት። አያ ደርሶ እጃቸውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፣ አፏን በገመድ አስረው አንገቷን ያዙ። ሌላ ሰው ይያዝልዎ ሲባሉ እምቢ አሉ።

መርፌው ሊገባ ሲል «ቆይ» አሉ ለሰጠኝ። «ንገረኝ። የሞተው በሽታ ገብቶ ምን ያደርጋል?»

እኔ አፌን ልከፍት ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት። ይልቁንስ ጠየቅኋቸው። «አያ ደርሶ፣ ቡችላ ቀበሮን አይቶ ሳያውቅ ጠላቱ መሆኑን በምን ያውቃል?»

«እናስሸትተዋለን። የሞተ ቀበሮ ቆዳ ጎሬው ላይ እንጥላለን። ይነክሰዋል፣ ይጎትተዋል፣ ይጫወትበታል። በኋላ ሕያው ቀበሮ ሲመጣ ጠረኑን ያውቀዋል።»

«ቆዳው ይነክሰዋል?»

«ምን ብሎ! የሞተ አይደለም?» አሉ። መርፌውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ያን ዕለት ይህን አትዪም ነበር?» አሉና ውሻዪቱን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «በል ውጋ፣ ሰጠኝ። ሸጋ አድርገህ ውጋ።»

እንተያያለን ስድስት ወር ተዘጋች። ክረምቱ በላይዋ አለፈ። ምግቧ በረጅም እንጨት በቀዳዳ ይገባላታል፤ ጭዷም በዚያው ይለወጣል። አያ ደርሶ በየጠዋቱ ከድንጋዩ ውጭ ቆመው በስሟ ይጠሯታል፤ አያ ካሴ ማታ ማታ ሳንቃውን ይፈትሻሉ። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ጉረኖ ሥር ቆመው ስለ ገብስ ሲያወሩ ያየሁ ዕለት ወሰኑንም በሽማግሌ እንደጨረሱት ሰማሁ። እኔ በየቀኑ እየሄድሁ በላች? ጠጣች? ድምፅዋ ተለወጠ? እያልሁ አያለሁ፤ ካየሁ በኋላ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ቂጣውን ሳትነካ አደረች፤ ያን ዕለት ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም። በማግስቱ በላች።

በጥቅምት ሰጠኝ ሁለቱንም በሮች ከፈተ። እኔ ወደ ጌታዋ ትሮጣለች ብዬ ነበር። አልሮጠችም። ሰውነቷን አራግፋ፣ በሰዉ መሀል አልፋ፣ ወደ በጎቹ ሄደች። መንጋውን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ መርጣ ተቀመጠች። አያ ደርሶ ማንንም ሳያዩ «አየሽ፣ ሥራዋን አልረሳችም» አሉኝ። ዘጠነኛዋ እናት የምትሆነው የየካቲቷ ልጇ እንደሷ በጸጥታ መጥታ አጠገቧ ተኛች።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል አስተማሪ፣ ሐኪም፣ የቀበሌ ሠራተኛ ይኖራል። እኔ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ «ገብቷችኋል?» ብዬ አልጠይቅም። ሰው ለአክብሮት ሲል «ገብቶናል» ይላል። «ምን አሰጋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ከእናንተ ሳይሆን ከሰውየው ጓዳ ይወጣል። ስለ ውሾቻችንም አንድ ነገር ልበላችሁ። የደጋ ውሻ የዘር ስም ያልወጣለት፣ ዋንጫ ያልተሸለመ ነው፤ ግን ዘሩን በቃሉ ጠብቆ ያቆየ፣ እውነትንም ከውሻው በላይ የወደደ ገበሬ አለው። እኔ በሁለቱም እኮራለሁ።

በቀጣዩ ጥር የማስረዳቱን ሥራ አያ ደርሶ ወሰዱት። የቀበሮውን ቆዳ ተናገሩና በጥቂት ደቂቃ ጨረሱ፤ በዚያ ዓመት የቀረ ውሻ ብዙ አልነበረም። በምዝገባው ቀንም ከሁሉ ቀድመው እናትና ልጅን በገመድ ይዘው መጡ። እኔ እንደ ልማዴ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኜ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

«ስም?» አልሁ።

«አስቀምጪው» አሉኝ። «መጀመሪያ ነይ።»

ተነሥቼ ሄድሁ። እጄን ይዘው በእናቲቱ አንገት ላይ፣ ከወፍራሙ ጠጉር ሥር አኖሩት። መርፌው ሲገባ ቆዳዋ እጄ ሥር ተንቀጥቅጦ ጸጥ ሲል ተሰማኝ።

«አሁን ጻፊ» አሉ አያ ደርሶ።